በኤክሴል ብቻ፦ በፌምቶሰከንድ ብርሃን የኤሌክትሮኖችን ሥርዓት ማፍረስና መምራት

"ግራፉ ፈነዳብኝ።" "ምንም አልነቃነቅ አለኝ።" ደሴ ከተቀመጥኩበት ድረስ ይህን ስሌት በኤክሴል ሞክረው ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች አብዛኞቹ የሚሉኝ ከነዚህ ሁለቱ አንዱን ነው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡም አሉ። ፋይላቸውን ስከፍት ስህተቱ ከአምስት ስድስት ቦታ አያልፍም። ፊዚክሱ ጠፍቷቸው አይደለም። ፍተሻውን ዘለው በቀጥታ ብርሃኑን ስለሚያበሩ ነው። ስለዚህ እዚህ እያንዳንዱን እርምጃ በተራው፣ ከነመፈተሻው አስቀምጣለሁ። ተራውን አትዝለሉ።

ምን እንደምንሠራ ባጭሩ

አንዳንድ ክሪስታሎች ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሮኖቻቸው እኩል መበተናቸውን ይተዋሉ። አንድ ቦታ ጠጠር፣ ቀጥሎ ሳሳ እያሉ ይሰለፋሉ። አተሞቹም አብረዋቸው በጥቂቱ ይሸሻሉ። ይህ የቻርጅ ጥግግት ሞገድ ይባላል። በጣም አጭር የሌዘር ፐልስ (የብርሃን ምት) ሲያርፍበት መጀመሪያ የሚነቁት ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። አተሞቹ ከባድ ስለሆኑ ዘግይተው ይከተላሉ። እኛ የምናሰላው ይህን መከተል ነው። ሥርዓቱን በአንድ ቁጥር እንወክለዋለን፦ 1 ሙሉ ሥርዓት፣ 0 የፈረሰ፣ −1 ደግሞ ጠጠሩና ሳሳው ቦታ የተለዋወጡበት ሙሉ ሥርዓት ነው። ኢነርጂውን እንደ መሬት አስቡት፤ 1 እና −1 ላይ ሁለት ሸለቆ፣ መሃላቸው 0 ላይ ጉብታ አለ።

ምሳሌያችን ብሉ ብሮንዝ የሚባለው የፖታሲየምና ሞሊብዲነም ኦክሳይድ ነው። ሥርዓቱ የሚይዘው ከ183 ኬልቪን በታች፣ ማለትም ከዜሮ በታች 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው። በደንብ ሲቀዘቅዝ የሞገዱ ውዝዋዜ 1.68 ቴራኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 1.68 ትሪሊዮን ጊዜ ነው። አንዱ ውዝዋዜ 595 ፌምቶሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ደጋግሞ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

ኤክሴል ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ ይበቃል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ የያዛችሁ፣ ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ ፋይሉን በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉ። በአንድ ስም ላይ ደጋግማችሁ አትጻፉ። የተበላሸው ሥራ ደህናውን ይሸፍንባችኋል።

አንድ የሰዓት አሃድ ብቻ ምረጡ፦ ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ)። 1 ፌምቶሰከንድ 0.001 ፒኮሰከንድ ነው። ግማሹን በፌምቶ፣ ግማሹን በፒኮ የጻፈ ሰው ውጤቱ በሺህ እጥፍ ይስታል፤ ግራፉ ግን ደህና ሊመስል ይችላል።

ሺቱ አናት ላይ እነዚህን ቁጥሮች ለየብቻ ሴል ስጧቸው፦

1. የሰዓት እርምጃ፦ 0.002
2. መሠረታዊ ድግግሞሽ፦ 7.464
3. ማርገቢያ (ውዝዋዜውን ቀስ በቀስ የሚያደክመው)፦ 0.5
4. የመነቃቃት ዕድሜ (ብርሃኑ ያነቃቸው ኤሌክትሮኖች ሳይረጉ የሚቆዩበት)፦ 1
5. የፐልሱ ስፋት፦ 0.0212
6. የፐልሱ ጥንካሬ፦ ለጊዜው 0

7.464 ከየት መጣ? 1.68ን በ2 ፓይ አባዙት፤ 10.556 ይሆናል። ከዚያ ለ2 ስኩዌር ሩት አካፍሉት። ይህቺ ማካፈል የብዙ ሰው መውደቂያ ናት። ሥርዓቱ የሚያርፍበት ሸለቆ ግርጌ ላይ ያለው ውዝዋዜ ከመሠረታዊው በ2 ስኩዌር ሩት ይፈጥናል። ስለዚህ የተለካውን ቁጥር እንዳለ ካስገባችሁ ውጤቱ ከእውነተኛው ይፈጥናል።

0.0212 ደግሞ ግማሽ ቁመቱ ላይ ሲለካ 50 ፌምቶሰከንድ ከሚረዝም ፐልስ የመጣ ነው፤ 0.05ን ለ2.355 አካፍሉ። የመነቃቃት ዕድሜውንና ማርገቢያውን ለልምምድ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ በኋላ በራሳችሁ ናሙና ቁጥር ትተካላችሁ።

ደረጃ 2፦ ኮለሞቹን መሥራት

ስድስት ኮለም ክፈቱ፦ ሰዓት፣ ብርሃን፣ መነቃቃት፣ ሥርዓት፣ ፍጥነት፣ ፍጥንጥነት።

ሰዓት፦ ከ−1 ይጀምራል፤ በ0.002 እየጨመረ እስከ 10 ይሄዳል። 5,501 ረድፍ ይሆናል። ከ0 አትጀምሩ። የፐልሱ ጫፍ 0 ላይ ስለሆነ ግማሹን ትቆርጡታላችሁ።

ብርሃን = ጥንካሬ ÷ (ስፋት × 2.507) × የኤክስፖነንሻል ፈንክሽን፤ ውስጡ ሰዓት² ÷ (2 × ስፋት²) በኔጌቲቭ።

መነቃቃት = የላይኛው ረድፍ መነቃቃት + እርምጃ × (የላይኛው ብርሃን − የላይኛው መነቃቃት ÷ ዕድሜ)። የመጀመሪያው ረድፍ 0 ነው።

ፍጥነት = የላይኛው ፍጥነት + እርምጃ × የላይኛው ፍጥንጥነት። የመጀመሪያው 0።

ሥርዓት = የላይኛው ሥርዓት + እርምጃ × የዚህኛው ረድፍ ፍጥነት። የመጀመሪያው 1።

ፍጥንጥነት = −(መሠረታዊ ድግግሞሽ²) × [(መነቃቃት − 1) × ሥርዓት + ሥርዓት³] − 2 × ማርገቢያ × ፍጥነት። ሁሉም ከዚሁ ረድፍ።

አሁን ጥንቃቄ የሚሹት ቦታዎች።

የኔጌቲቭ ምልክቱ። ኤክሴል ከቁጥር ፊት ያለን ኔጌቲቭ ከስኩዌሩ አስቀድሞ ያያይዘዋል። −ሰዓት² ብላችሁ ብትጽፉ ፖዘቲቭ ይሆናል። ብርሃኑ ከፐልሱ ሲርቅ መጥፋት ሲገባው ይፈነዳል፣ ሴሎቹ በስህተት ምልክት ይሞላሉ። ሁልጊዜ −(ሰዓት²) ብላችሁ በቅንፍ ጻፉ። "ግራፉ ፈነዳብኝ" ካሉኝ ልጆች ብዙዎቹ እዚህ ነበሩ። ጥፋቱ የናንተ እንዳይመስላችሁ፤ የሒሳብ ደብተራችሁ ላይ ትክክል የሆነው አጻጻፍ ነው እዚህ የሚከዳው።

የዶላር ምልክት። አናት ላይ ያሉትን ቁጥሮች ስትጠሩ ሴሉን በዶላር ምልክት እሰሩት። ካላሰራችሁት ፎርሙላውን ወደ ታች ስትጎትቱ ማጣቀሻውም አብሮ ይንሸራተታል፤ ከጥቂት ረድፍ በኋላ ባዶ ሴል እያነበበ ነው።

የሥርዓት መነሻ። 0 አታድርጉት። 0 ሁለቱን ሸለቆዎች የሚለየው ጉብታ አናት ነው። እዚያ በትክክል የተቀመጠ ኳስ የሚገፋው ካላገኘ ለዘላለም አይወርድም። "ምንም አልነቃነቅ አለኝ" ማለት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የፍጥነትና የሥርዓት ቅደም ተከተል። ሥርዓትን ስታሰሉ የዚህኛውን ረድፍ ፍጥነት መጠቀም አለባችሁ። የላይኛውን ከተጠቀማችሁ ስሌቱ ከምንም ተነስቶ ኢነርጂ ይፈጥራል። በዚህ የሰዓት እርምጃ፣ ማርገቢያው 0 ከሆነ፣ አንድ ትንሽ ውዝዋዜ በ10 ፒኮሰከንድ ውስጥ 3 እጥፍ ገደማ ያብጣል። ኤክሴል "ሰርኩላር ሪፈረንስ" ብሎ ካስጠነቀቃችሁ ደግሞ ፍጥነቱን ከዚሁ ረድፍ ፍጥንጥነት ጋር አያይዛችሁታል። ወደ ላይኛው ረድፍ መልሱት።

ግራፍ ስትሠሩ "ላይን" የሚለውን ሳይሆን "ስካተር" የሚለውን ምረጡ። ላይን ሰዓቱን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ተራ መለያ ያየዋል።

ሌላም አለ። የብርሃኑን ሞገድ ራሱን ለማስገባት የሚሞክሩ አሉ። አታስገቡ። የ800 ናኖሜትር ብርሃን አንዱ ውዝዋዜ 2.67 ፌምቶሰከንድ ብቻ ነው፤ በ2 ፌምቶ እርምጃ አይያዝም። ለአተሞቹም የሚደርሳቸው የፐልሱ ጥቅል ቅርጽ ነው።

ደረጃ 3፦ ብርሃኑን ሳታበሩ ፈትሹ

ከመመሪያው ሁሉ ይህን ደረጃ እንድታከብሩልኝ እለምናለሁ። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው። ሳምንታት ያተርፍላችኋል።

ፍተሻ ሀ። ጥንካሬ 0፣ የሥርዓት መነሻ 1። ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። ከተነቃነቀ የፍጥንጥነት ፎርሙላው ተሳስቷል፤ መጀመሪያ ቅንፎቹን እዩ።

ፍተሻ ለ። መነሻውን 1.01 አድርጉ፣ ማርገቢያውን 0። አሁን መወዛወዝ አለበት። ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ አሥር ሙሉ ውዝዋዜ ቁጠሩ፤ 5.95 ፒኮሰከንድ አካባቢ መውሰድ አለበት።
- 4.2 ከወሰደ በ2 ስኩዌር ሩት ማካፈሉን ረስታችኋል።
- በጠቅላላው ሦስት እንኳ ያልሞላ ውዝዋዜ ካያችሁ 2 ፓይን ረስታችኋል።
- ቁመቱ እያደገ ከሄደ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ የፍጥነትና የሥርዓት ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል።

ሁለቱም ካላለፉ ወደ ታች አትውረዱ። ካለፉ መነሻውን ወደ 1፣ ማርገቢያውን ወደ 0.5 መልሱ።

ደረጃ 4፦ ደካማ ብርሃን

ጥንካሬውን 0.36፣ ዕድሜውን 1000 አድርጉ። ዕድሜውን ያረዘምነው ለፍተሻ ነው፤ መነቃቃቱ ባለበት እንዲቆይ።

መጀመሪያ የብርሃን ኮለሙን ደምሩና በእርምጃው አባዙት። 0.36 መውጣት አለበት። ካልወጣ የብርሃን ፎርሙላው ወይም የፐልሱ ስፋት አሃድ ተሳስቷል።

ቀጥሎ የሥርዓቱን ግራፍ እዩ። ከ1 ወርዶ፣ ተወዛውዞ፣ 0.8 አካባቢ ማረፍ አለበት። ምክንያቱም አዲሱ የሸለቆ ግርጌ ያለው ከ1 ላይ መነቃቃቱ ተቀንሶ፣ የቀረው ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ ነው፤ የ0.64 ስኩዌር ሩት 0.8 ነው። ውዝዋዜውም ይዘገያል፤ ከ1.68 ወደ 1.34 ቴራኸርዝ ይወርዳል። ሸለቆው ስለተንጣለለ ነው። ይህን መዘግየት ስታዩ "ተሳሳትኩ" ብላችሁ ቁጥሩን እንዳትነካኩ። ብርሃኑ ሥርዓቱን እያላላው መሆኑን የምታውቁት በዚሁ ነው።

ደረጃ 5፦ ጠንካራ ብርሃን

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሐሳብ እዚህ አለ። "መነቃቃቱ 1 ሲደርስ ሁለቱ ሸለቆዎች ጠፍተው አንድ ይሆናሉ፣ ስለዚህ ሥርዓቱ የሚፈርሰው ከ1 በላይ ነው" ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ሁለተኛው ግን ለዝግተኛ ለውጥ ብቻ ነው የሚሠራው። የኛ ብርሃን ዝግተኛ አይደለም።

ሐረጎን አስቡ። ከአናቱ ፍሬን ሳይዝ የተለቀቀ ነገር ታች ያለችውን ትንሽ ጉብታ በግስጋሴው ብቻ ያልፋታል። እዚህም እንደዚያው ነው። ፐልሱ ሸለቆውን በድንገት ሲቀይረው አተሞቹ ገና 1 ላይ ናቸው። ያ ቦታ አሁን ግርጌ አይደለም፤ ተዳፋት ላይ ነው። ከፍታው (መነቃቃት − 1) ÷ 2 + 0.25 ነው። የመሃለኛው ጉብታ ከፍታ 0 ነው። መነቃቃቱ ከ0.5 ሲያልፍ የመነሻው ቦታ ከጉብታው ከፍ ይላል። ጉብታው ገና ሳይጠፋ ሥርዓቱ ዘሎት ያልፋል ማለት ነው።

አትመኑኝ፣ ሞክሩት። ማርገቢያውን 0፣ ዕድሜውን 1000 አድርጉ። በ0.47 ጥንካሬ ሥርዓቱ ከ0 በላይ ይቀራል። በ0.55 ወደ ኔጌቲቭ ይሻገራል። ከዚያ ማርገቢያውን ወደ 0.5፣ ዕድሜውን ወደ 1 መልሱና ጥንካሬውን በ0.02 እየጨመራችሁ መሻገሪያውን ፈልጉ። አሁን ከ0.5 ከፍ ይላል፤ ማርገቢያውም ይይዘዋል፣ መነቃቃቱም መንገድ ላይ እያለ ይደክማል። ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉ። የናንተ ነው።

ቀጥሎ ጥንካሬውን 2 አድርጉ። ሰባተኛ ኮለም ጨምሩ፤ ሥርዓት² በሉት። በዲፍራክሽን ሙከራ (ከክሪስታሉ ተበትኖ የሚወጣውን ኤክስሬይ ወይም ኤሌክትሮን በማየት) የሚለካው የሞገዱ ምልክት ከዚህ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። ሥርዓቱ 0ን እያቋረጠ ወዲያና ወዲህ ሲል ካሬው በእያንዳንዱ ጉዞ አንዴ ይነሳል። ስለዚህ ምልክቱ በእጥፍ የፈጠነ ይመስላል። ይህን አይቶ "አዲስ ውዝዋዜ አገኘሁ" ብሎ ጽሑፍ የጀመረ ልጅ አስቁሜአለሁ። ሥርዓትንና ካሬውን ሁልጊዜ ጎን ለጎን ሳሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሥርዓቱ በመጨረሻ በ1 ወይም በ−1 ሸለቆ ያርፋል። የትኛው እንደሆነ እንደ ውጤት አታቅርቡ። ጥንካሬውን ጥቂት በጥቂት ስትቀይሩ መጨረሻው ሲገለባበጥ ታያላችሁ። በእውነተኛ ክሪስታል ውስጥ አንዱ ቦታ ወደዚህ፣ ጎረቤቱ ወደዚያ ሊወድቅ ይችላል።

ደረጃ 6፦ በሁለት ፐልስ መምራት

እስካሁን አፈረስን። አሁን እንመራለን። እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይህ ክፍል ነው።

1. የመጀመሪያውን ጥንካሬ 0.05 አድርጉ። ዕድሜ 1፣ ማርገቢያ 0.5።
2. ለሁለተኛው ፐልስ ሁለት አዲስ ሴል ስጡ፦ መዘግየትና ጥንካሬ።
3. የብርሃን ፎርሙላው ላይ ሁለተኛውን ፐልስ ደምሩ። ሰዓት በሚለው ቦታ (ሰዓት − መዘግየት) ይግባ።
4. መዘግየቱን 0.3፣ ጥንካሬውን 0.043 አድርጉ።

ውዝዋዜው ከሞላ ጎደል ይሞታል። የሚቀረው ቀስ ብሎ ወደ 1 የሚመለስ ለስላሳ መስመር ነው። ግማሽ ውዝዋዜ ላይ ስለመታችሁት ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሰረዘው። ለምን 0.043? በዚያ 0.3 ፒኮሰከንድ ውስጥ ማርገቢያው የመጀመሪያውን ውዝዋዜ ወደ 86 በመቶ አውርዶታል። እኩል ጥንካሬ ብትሰጡት ትርፉ በተቃራኒው ይቀራል።

አሁን መዘግየቱን 0.6 አድርጉ። ውዝዋዜው ይጠነክራል።

የማይሰረዝላችሁ ከሆነ መዘግየቱን በ0.01 እየነካካችሁ ዝቅተኛውን ቦታ ፈልጉ። ጥንካሬውን ከፍ ካደረጋችሁ ደግሞ 595 ፌምቶን እርሱት፤ ሸለቆው ስለሚላላ የውዝዋዜው ጊዜ ይረዝማል። የመጀመሪያውን ፐልስ ብቻ አስኬዱ፣ ከግራፉ ላይ ግማሽ ጊዜውን ለኩ፣ መዘግየቱን በዚያ አድርጉ። ፐልሱን ራሱን ደግሞ አታርዝሙት። ርዝመቱ ወደ ውዝዋዜው ጊዜ ከተጠጋ አተሞቹ ለውጡን ቀስ ብለው ይከተሉታል እንጂ አይወዛወዙም።

ደረጃ 7፦ ጥልቀት

ብርሃን ውስጥ ሲገባ ይደክማል። ላዩ ሲፈርስ ታቹ ገና ሊላላ ነው። በአንድ ሺት ብቻ ያሰላ ሰው ግራፉ ከሙከራው ይልቅ የሰላ ይሆንበታል።

ናሙናው ውፍረቱ ከብርሃኑ የመግቢያ ጥልቀት (ብርሃኑ ወደ 37 በመቶ የሚወርድበት) ጋር እኩል የሆነ ቀጭን ሽፋን ነው እንበል። በአምስት እኩል ንብርብር ክፈሉትና ለእያንዳንዱ አንድ ሺት እንዲሆን ሺቱን አምስት ቦታ ኮፒ አድርጉ። የላዩን ጥንካሬ በየሺቱ በ0.905፣ በ0.741፣ በ0.607፣ በ0.497 እና በ0.407 አባዙ። ከዚያ የአምስቱን የሥርዓት² ኮለም አማካይ ውሰዱ። አማካዩን የምትወስዱት ከካሬው ነው። መጀመሪያ ሥርዓትን አማካይ አድርጋችሁ ከዚያ ካሬ ካደረጋችሁ 1 እና −1 ተጣፍተው የሌለ መፍረስ ይታያችኋል።

ላፕቶፑ ከተንቀራፈፈ ስሌቱን ወደ ማንዋል ቀይሩት። ቁጥር ቀይራችሁ ስትጨርሱ ብቻ ኤፍ9ን ተጫኑ። ማንዋል ላይ መሆኑን ረስተው "ቁጥር ብቀይርም ግራፉ አይቀየርም" የሚሉ አሉ፤ አናት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ አስቀምጡት።

ደረጃ 8፦ ከላብራቶሪ ቁጥር ጋር ማገናኘት

የሙከራ ዘገባ ፍሉየንስ ይሰጣችኋል፤ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ያረፈ ኢነርጂ ነው። አንዳንዴ ግን የሚሰጠው የሌዘሩ አማካይ ኃይል ብቻ ይሆናል። ያኔ እንዲህ አስሉ።

1. አማካይ ኃይሉን በሰከንድ ለሚወጡት ፐልሶች ቁጥር አካፍሉ። 10 ሚሊዋት ለ1,000 ሲካፈል 10 ማይክሮጁል ነው።
2. የጨረሩን ሬዲየስ (ድምቀቱ ከመሃሉ ወደ 13.5 በመቶ የሚወርድበትን ርቀት) ወደ ሴንቲሜትር ቀይሩ። 250 ማይክሮሜትር 0.025 ነው።
3. ፍሉየንስ = 2 × ኢነርጂ ÷ (ፓይ × ሬዲየስ²)። እዚህ 10.2 ሚሊጁል በስኩዌር ሴንቲሜትር ይወጣል።

በ2 ማባዛቱን ከረሳችሁ በግማሽ ትስታላችሁ። ይህ ፎርሙላ የጨረሩን መሃል፣ ማለትም ከፍተኛውን ፍሉየንስ ነው የሚሰጠው። በሬዲየስ ፈንታ ዲያሜትር ካስገባችሁ ሩብ ብቻ ይቀራል። ዘገባው ስፋቱን በግማሽ ቁመት ሙሉ ስፋት ከሰጠ ለ1.177 አካፍሉት፤ ሬዲየሱ እሱ ነው።

ይህን ፍሉየንስ እንዳለ ጥንካሬ ሴል ውስጥ አትጻፉ። ጥንካሬ አሃድ የለውም። ሸለቆዎቹ አንድ ለሚሆኑበት ፍሉየንስ አካፍላችሁ ነው የምታስገቡት። ያንን መለያ ፍሉየንስ ከምታወዳድሩት ሙከራ ራሱ አንብቡ፤ ከሌላ ናሙና ወይም ከሌላ ሙቀት አትዋሱ። ስታነቡም ዘገባው "ፈረሰ" ያለው ሸለቆው መጥፋቱን ነው ወይስ ሥርዓቱ 0ን ማቋረጡን? ደረጃ 5 ላይ እንዳያችሁት ሁለቱ በእጥፍ ሊራራቁ ይችላሉ። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ከቁጥሩ ጎን ባለው ሴል ውስጥ በአማርኛ ጻፉት፤ ከወር በኋላ ፋይሉን ስትከፍቱ የምትፈልጉት መጀመሪያ እሱን ነው።